ዐመፅ በከዋክብት መካከል፦ በጠፈር የስልት ጨዋታዎች ስለ ዐመፅ ሚዛን የቀረበ ዳሰሳ

የጥያቄው ጥንተ ነገር

ዙፋን ሳይወርሱና ዘውድ ሳይደፉ ንጉሠ ነገሥት መሆን በተቻለበት በዚህ ዘመን፣ በቦሌ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ ባሉት ፎቆችም ሆነ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ የሚቀመጥ ወጣት ከአንዲት ፕላኔት ተነሥቶ በጥቂት ሌሊቶች የብዙ ከዋክብት ጌታ ለመባል ይበቃል። ይህን ዓይነቱን የጠፈር የስልት ጨዋታ የሚነድፉ ሰዎች ግን፣ መርከቦቹን ከማሳመርና ሰማያቱን ከማድመቅ ይልቅ እጅግ የሚያስቸግራቸው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲመላለስ የኖረ አንድ ጥያቄ አለባቸው፤ ይኸውም የተገዛው ሕዝብ መቼ ይነሣ፣ በምን ምክንያት ይነሣ፣ በምን ያህልስ ኃይል ይነሣ የሚለው ነው።

ጥያቄው ከላይ ሲያዩት የቍጥር ብቻ ይመስላል። ዐመፁ ከሳሳ ተጫዋቹ ከቁም ነገር ሳይቈጥረው ያልፈዋል፤ ከበረታም ሃያ ሰዓት የደከመበት መንግሥት በአንድ ሌሊት ሲፈርስበት ጨዋታውን ዘግቶ ይነሣል፣ ዳግመኛም አይመለስበትም፤ ስለዚህ ነዳፊው ቍጥሩን ከፍና ዝቅ እያደረገ መካከለኛውን ስፍራ ቢፈልግ ሚዛኑን ያገኘ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ የተሠሩትን ጨዋታዎች አንድ በአንድ የመረመረ ሰው፣ የዐመፅ ሚዛን በሦስት ነገሮች ላይ መቆሙን ያስተውላል፤ እነርሱም የዐመፁ ምክንያት አስቀድሞ መታወቁ፣ ሸክሙ ከደካማው ይልቅ በኃያሉ ላይ መክበዱ፣ መድኃኒቱም ራሱ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ቍጥሩን ማስተካከል ድካም ብቻ ነው።

መጀመሪያውኑ ዐመፅ በጨዋታ ውስጥ ለምን ያስፈልጋል ለሚል መልሱ ሩቅ አይደለም። በስልት ጨዋታ ላለው ይጨመርለታል፤ ዐሥር ፕላኔት ያለው አምስት ካለው ይልቅ ቶሎ መርከብ ይሠራል፣ ቶሎ መርከብ የሠራም ዐሥራ አንደኛውን ፕላኔት ቶሎ ይይዛል፤ ስለዚህ ድሉ ጨዋታው ሳይጋመስ ይታወቅና የቀረው ሰዓት የታወቀውን ነገር መፈጸም ብቻ ይሆናል። ከጎረቤቶቹ ሁሉ የበለጠውን ኃያል ከውጭ የሚመጣ ጠላት ሊገታው አይችልም፤ ሊገታው የሚችለው ከገዢው ጋር አብሮ እያደገ ከውስጥ የሚነሣ ኃይል ነው። የአሸናፊን እጅ በሕግ መያዝ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በቀድሞ ዘመን በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ይዘወተር የነበረው ሰንጠረዥ፣ ሠራዊቱን ሁሉ አጥቶ ብቻውን በቀረ ንጉሥ ላይ የሚገኘውን ድል እንደ ድል ስለማይቈጥረው፣ የበረታው ተጫዋች የሚማርከውን እንኳ መጥኖ ለመማረክ ይገደድ ነበር።

እስከ ዛሬ የተሄደበት መንገድ

በጠፈር የስልት ጨዋታዎች ታሪክ እንደ መነሻ የሚጠቀሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ማስተር ኦቭ ኦራዮን»፣ ዐመፅን የሰላይ ሥራ አድርጎ አቀረበው፤ አንዱ መንግሥት ሰላዩን ልኮ በሌላው ፕላኔት ላይ ሁከት ሊያስነሣ ይችል ስለ ነበር፣ የሕዝቡ መነሣት ከገዢው በደል የመነጨ ሳይሆን በጠላት ተንኰል የተዘራ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ግን ነገሩን አራቀቀው፤ በጦር የተያዘ ሕዝብ ወዲያው ዜጋ አይሆንም፣ ለመዋሐድ ጊዜ ይፈልጋል፣ የጊዜውም ርዝመት በገዢው ሥርዓተ መንግሥት ይወሰናል፣ ሳይዋሐድ በቈየበትም ወራት ሊያምፅ ይችላል። ድል ማድረግና መግዛት ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች መሆናቸውን የዚያ ዘመን ተጫዋቾች ከዚህ ተማሩ።

እ.ኤ.አ. በ1998 «ስታር ዋርስ፦ ሪቤሊየን» መጣና ዐመፅን የጦር ሰፈር ሒሳብ አደረገው፤ በአንድ ፕላኔት ያለው የሕዝብ ድጋፍ ሲያንስ ለጥበቃ የሚያስፈልገው ወታደር ይበዛል፣ ወታደሩ ሲጐድልም ሕዝቡ ይነሣል። በዓመቱ የወጣው «አልፋ ሴንታውሪ» ደግሞ ከወታደር ወደ አስተዳደር መለሰው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሰው ልጆች በአንዲት ሩቅ ፕላኔት ላይ ሲሰፍሩ፣ ሰፈሮቻቸው በበዙ መጠን ቅር የተሰኘው ሠራተኛ ይበዛል፤ ቅር የተሰኘው ከረካው ሲበልጥም ከተማዪቱ ታውካ ሥራ ይቆማል። ገዢው በመዝናኛ ቤት ሊያጽናና፣ በፖሊስም ሊያስፈራራ ይችላል፤ ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን የሰዎቹን ነርቭ በመሣሪያ ማደንዘዝ የሚባለው አማራጭ ነው፤ እርሱን የመረጠ ገዢ ለጥቂት ዙሮች ፍጹም ጸጥታ ያገኛል፣ ነገር ግን በሌሎቹ መንግሥታት ዘንድ እንደ ግፍ ይቈጠርበትና ማዕቀብ ይጣልበታል።

ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ሲንስ ኦቭ ኤ ሶላር ኢምፓየር» ርቀትን ዋና ሕግ አደረገ፤ ከመናገሻዋ ፕላኔት የራቀ ፕላኔት ሊደርስበት የሚችለው የታማኝነት ጣሪያ ከቅርቡ ያነሰ ነው፣ ታማኝነቱ ያለቀበትም ከገዢው እጅ ይወጣል። በዘመናችን ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰው ግን ፓራዶክስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው «ስቴላሪስ» ሲሆን፣ የእርሱ ታሪክ የጥያቄውን ክብደት ለብቻው ይመሰክራል፤ አንድ ጨዋታ ለገበያ ከቀረበ በኋላ በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ደጋግሞ ፈርሶ ተሠርቷልና። እ.ኤ.አ. በ2017 በየመንግሥቱ ውስጥ ያሉት አንጃዎች ሕዝቡ በሚከተለው አሳብ የተከፈሉ ሆኑ፤ በ2018 መጨረሻ ለእያንዳንዱ ፕላኔት ከ0 እስከ 100 የሚቈጠር የመረጋጋት ልክ ተሰጠው፤ ከ50 በላይ ምርት ይጨምራል፣ ከ50 በታች ይቀንሳል፣ ከ25 በታች ሲወርድ ለዐመፅ በር ይከፈታል፤ በ2022 ደግሞ ዐመፁ በድንገት መፈንዳቱ ቀርቶ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ፣ ተጫዋቹም በየጊዜው አቋም የሚመርጥበት ሂደት ሆነ። የተጓዘው መንገድ ከሰላይ ወደ ወታደር፣ ከወታደር ወደ አስተዳደር፣ ከአስተዳደርም ወደ ድርድር መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለ ምክንያት

ዐመፅን በዕጣ ማስነሣት ለነዳፊው ከሁሉ የቀለለው መንገድ ነው፤ በየወሩ ከመቶ አንድ ዕድል ይሰጥና የቀረውን ለኮምፒውተሩ ይተወዋል። ሒሳቡን ግን ጠጋ ብለን እንየው። ከመቶ አንድ የሆነ ዕድል ለመቶ ወር ቢጣል በአማካይ አንድ ዐመፅ ይነሣል ማለት ነው፤ ሆኖም ይህን ጨዋታ ከሚጫወቱ መቶ ሰዎች 37ቱ ያህል በመቶው ወር ውስጥ አንድም ዐመፅ አያዩም፣ 26ቱ ያህል ደግሞ ሁለት ጊዜና ከዚያም በላይ ይወርድባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ በዚህ ጨዋታ ዐመፅ የለም ብለው ይመሰክራሉ፣ የኋለኞቹ ዐመፅ በዝቷል ብለው ይከሳሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ነዳፊውም ቍጥሩን ቢያወጣ ቢያወርድ ሁለቱን ሊያስታርቃቸው አይችልም።

ያው ዕድል ለየፕላኔቱ ለብቻው ቢሰጥስ? አምስት ፕላኔት ያለውን ገዢ ዐመፅ በአማካይ በሃያ ወር አንድ ጊዜ ሲያገኘው፣ አርባ ፕላኔት ያለውን ግን በሁለት ወር ተኩል አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ይህ በኃያሉ ላይ የሚከብድ በመሆኑ ርትዕ ይመስላል፤ ነገር ግን አርባ ፕላኔት ያለው የአርባ ፕላኔት ጦርም ስላለው ዐመፁ ያሰለቸዋል እንጂ አያስፈራውም። ከጠፈር ጨዋታዎች ውጭ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ቪክቶሪያ 2» በዚህ የታወቀ ነው፤ በጨዋታው መገባደጃ ዐመፀኛው ከዚህም ከዚያም በገፍ ሲፈላ፣ ተጫዋቹ ጦሩን ከአውራጃ ወደ አውራጃ እያመላለሰ ሲደመስስ ይውላል፤ የደመሰሰውም በማግስቱ ይነሣል፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይህ ነው።

ከዕጣው የሚሻለው እየተጠራቀመ የሚሄድ በደል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4»፣ ይኸውም ከ1444 እ.ኤ.አ. ስለሚጀምር ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን ኢትዮጵያን ይዞ መነሣት በሚቻልበት ጨዋታ፣ የዐመፀኞች ዝግጅት በመቶኛ ተቈጥሮ እየታየ ያድጋል፤ መቶ ሲሞላም ይነሣሉ። እዚህ ላይ ማንም አላወቅሁም ሊል አይችልም። ግን ይህም የራሱ ጉድለት አለው፤ ቀኑ መቃረቡን አስቀድሞ ያወቀ ተጫዋች ጦሩን እዚያው አስፍሮ ይጠብቃል፣ ዐመፁም በቀጠሮ የሚመጣ ሥራ ይሆናል። ስለዚህ ምክንያቱ ይገለጥ፣ ሰዓቱ ግን በጠባብ ወሰን ውስጥ ይሰወር ማለት ከሁለቱ የተሻለው ብይን ነው።

ምክንያት ይገለጥ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ አንዲት ፕላኔት በምሳሌ ወስደን እንመልከት። መረጋጋቷ 58 ነበረ። በጦር ስለ ተያዘች 12፣ ከመናገሻው ስለ ራቀች 8፣ የአገሯ ሹም ስለ ተሻረባት 7፣ ግብር ስለ ተጨመረባት 9 ተቀንሶ 22 ቀረ፤ የዐመፁ ደፍ 25 ነውና ሊነሣ ነው። ተጫዋቹ በመስኮቱ ላይ 22 የምትለውን ቍጥር ብቻ ካየ ዕድሉን ይራገማል። አራቱን ተቀናሾች ከነስማቸው ካየ ግን፣ መራቋን ሊያቀርበው፣ መማረኳንም ሊሽረው ባይችል፣ ግብሩ በራሱ እጅ የተጻፈ መሆኑን ያውቃል፤ ቢያነሣው መረጋጋቷ 31 ይሆናል፣ ዐመፁም ይቀራል፤ ባያነሣው ግን የሚሠራውን መርከብ ከሕዝቡ ሰላም አስበልጦ መርጧል ማለት ነው። ያው ዐመፅ፣ ያው ቍጥር ሆኖ ሳለ፣ በአንደኛው መንገድ የታየው መቅሠፍት፣ በሁለተኛው የታየው ፍርድ ይሆናል።

ስለ ሸክም

ሁለተኛው ጉዳይ ሸክሙ በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ነው። ዐመፅ የተፈለገው ኃያሉን እንዲገታ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰብረው ደካማውን ነው፤ በጦርነት የተሸነፈ፣ ግምጃ ቤቱ የተራቈተ፣ ሕዝቡም የተራበ መንግሥት መረጋጋቱ ይወርዳል፣ ሲወርድ ይታመፅበታል፣ ሲታመፅበት ገቢው ይቀንሳል፣ ገቢው ሲቀንስ ጦሩ ይሳሳል፣ ጦሩ ሲሳሳ ሌላው ፕላኔት ይነሣል።

ለዚህ አዙሪት ከአገራችን ታሪክ ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የበለጠ ምስክር አይገኝም። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም የነገሡት ንጉሥ ደመወዝ የሚከፈለው መደበኛ ሠራዊት ለማቋቋም አስበው፣ ለዚሁ የሚሆን ሀብት ከቤተ ክህነት መሬት ለማግኘት ቢነሡ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ፤ ጦራቸው በዘመተበት ሁሉ ድል አደረገ፣ ፊቱን ባዞረ ጊዜ ግን የኋላው አገር ሸፈተ፤ ስንቁ ያለቀበት ሠራዊትም በባላገሩ ላይ ሲዘምት ያልሸፈተው ሸፈተ፤ በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ገቡ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ በመንገዱ የሚቋቋመው የአገር ሰው አልተነሣበትም። በየዘመቻው ያሸነፈ መንግሥት በጠቅላላው እንዴት እንደሚሸነፍ የሚያሳይ ከዚህ የጠራ ትምህርት የለም።

በታሪክ ትምህርት የሆነው ነገር በጨዋታ ውስጥ ማቆሚያ ከሌለው ስቃይ ይሆናል፤ የተሸነፈ ተጫዋች ሽንፈቱን ተቀምጦ አምስት ሰዓት እንዲመለከት ይፈረድበታልና። ስለዚህ አዙሪቱ ልጓም ያሻዋል። አንደኛው ልጓም የዕረፍት ጊዜ ነው፤ በ«ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» ዐመፅ ተነሥቶበት የነበረ አገር ለጥቂት ዓመታት ጸጥ ይላል። ሁለተኛው የመገንጠል ዕርቅ ልንለው የምንችለው ነው፤ የተገነጠለው ወገን ቅር የተሰኘውን ሕዝብ ይዞ ስለሚሄድ፣ የቀረው መንግሥት ቢያንስም ይረጋጋል። ሦስተኛው የሸክሙን ልክ ከጠቅላላው ስፋት ይልቅ በቅርብ ከተያዘውና ገና ካልተዋሐደው ግዛት ጋር ማያያዝ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ዐመፅ የሚከብደው ሊያስተዳድር ከሚችለው በላይ በጐረሠ ላይ ብቻ ነው።

ልጓም ሲበጅ ደግሞ ቅጣቱ ከልኩ እንዳያልፍ መጠንቀቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «ሲቪላይዜሽን 3» በባህል የበለጠ ጎረቤት ከተማን ያለ ጦርነት እንዲወስድ ፈቀደ፤ አሳቡ መልካም ነበረ፣ ነገር ግን ከተማዪቱ ስትከዳ በውስጧ የሰፈረው ጦር ሁሉ አብሮ ይጠፋ ስለ ነበር ተጫዋቾች አጥብቀው ጠሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 በ«ሲቪላይዜሽን 6» ተጨማሪ ክፍል፣ ኋላም ዳግማዊ ምኒልክ በመሪነት በቀረቡበት በዚሁ ጨዋታ፣ ያው አሳብ ተሻሽሎ ተመለሰ፤ የታማኝነት ልኩ ከሩቅ ይታያል፣ የሚገፋው የጎረቤት ሕዝብ ብዛትም ይታወቃል፣ ልኩ ያለቀባት ከተማም በመጀመሪያ ነጻ ትሆናለች እንጂ ወዲያው ለጠላት አትገባም፤ በዚህ መካከል ለገዢው የንስሓ ጊዜ ይተርፈዋል።

በርቀት ላይ ስለ ተመሠረተው ሕግም አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍ። ጨዋታዎቹ ታማኝነት ከመናገሻው በራቀ ቍጥር ይቀንሳል ብለው ይፈርዳሉ። ይህ ለብዙው እውነት ነው፤ ነገር ግን በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከጠረፍ አልመጣም፣ ከመናገሻው ከተማ፣ ያውም ከክቡር ዘበኛ አዛዥ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ ተነሣ እንጂ። የቅርብ ሰው ዐመፅ ከርቀት ሕግ አይወጣም፤ የሚወጣው ገዢው ለአንድ ሰው ካሸከመው ሥልጣንና ራሱ ከመናገሻው ከመራቁ ነው። ይህን የሚመዝን የጠፈር ጨዋታ የርቀቱን ሕግ በሚገባ ባሟላው ነበር።

ስለ መድኃኒት

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የተዘነጋው፣ የመድኃኒቱ ዋጋ ነው። በብዙ ጨዋታዎች ለዐመፅ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጦር መላክ። ጦር ያለው ይፈወሳል፣ የሌለው ይሞታል፤ በዚህም ምክንያት ዐመፅ ከተራ ጦርነት የሚለይበት ነገር ይጠፋል። መድኃኒቱ ብዙ ዓይነት፣ ዋጋውም በልዩ ልዩ ገንዘብ የሚከፈል ሲሆን ግን ጨዋታው ይበለጽጋል፤ የኢትዮጵያም ታሪክ ለዚህ የሚሆን መዝገብ ሞልቶታል።

በ1920 ዓ.ም. የሲዳሞው ገዢ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ለአልጋ ወራሹ ለራስ ተፈሪ መታዘዝ ከብዷቸው ሳለ ወደ አዲስ አበባ ሲጠሩ፣ ብዙ ሠራዊት አስከትለው መጥተው በንፋስ ስልክ ሰፈሩ። እርሳቸው በቤተ መንግሥት ግብር ተጋብዘው በክብር ሲስተናገዱ፣ ወደ ሰፈራቸው የተላከው ሰው ሠራዊቱን በገንዘብ አባብሎ በተነው፤ ግዛታቸውም ለሌላ ሹም ተሰጠ፤ ደጃዝማቹ ሲመለሱ የሚያዙት ጦር አልነበራቸውም፣ እጃቸውንም ሰጡ። ይህን በነዳፊ ዓይን ብናየው፣ መድኃኒቱ ጥይት አላስፈለገውም፣ ነገር ግን ነጻ አልነበረም፤ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ትክክለኛውን ሰዓት መጠበቅ ጠይቋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለተኛ የሚሠራ አይደለም፤ በማግስቱ ቤተ መንግሥት የሚጠራ መኰንን ሁሉ ሰፈሩን ሳያስጠብቅ አይመጣምና።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ባላገር ሲነሣ የታየው መድኃኒት ሌላ ነው፤ ጦርም ቢላክ፣ ነገሩ የበረደው ጠቅላይ ገዢው ከሹመቱ ተነሥቶ ውዝፉ ግብር ሲማር ነበር። ዋጋው የመንግሥት ገቢ ብቻ አይደለም፤ እምቢታ እንደሚያዋጣ ለሌላው ሁሉ መታየቱም ጭምር ነው። የጅማው አባ ጅፋር ዳግማዊ ደግሞ ለዳግማዊ ምኒልክ ሳይዋጉ ገብተው፣ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ኖሩ፤ እዚህ ዐመፁ ከመነሣቱ በፊት በሥልጣን ተገዝቷል። ከዚያ አስቀድሞ በድንኳን ከተማ ከአገር አገር ይዘዋወሩ የነበሩት ነገሥታት ርቀትን ያሸነፉት መናገሻውን ራሱን በማንቀሳቀስ ነበር፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ያን ሁሉ ሠራዊት የሚቀልበው የአካባቢው ባላገር ነበረ፤ መድኃኒቱ የቈየ እንደ ሆነ ራሱ በደል ይሆናል ማለት ነው።

ገንዘብ፣ ስም፣ ሥልጣን፣ ጊዜ፤ እነዚህ አራት ዋጋዎች በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሲሰለፉ ሀብታሙም ድኻውም፣ ብርቱውም ደካማውም የየራሱን መንገድ ያገኛል። የ«አልፋ ሴንታውሪ» ማደንዘዣ እስከ ዛሬ የሚታወስበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ጸጥታውን በስም አስከፍሏል።

ዐመፀኛው ማን ነው?

መድኃኒቱ ድርድርን የሚጨምር ከሆነ፣ የሚደራደር ወገን መኖር አለበት። በቀደሙት ጨዋታዎች ዐመፀኛው ቀይ ቀለም የተቀባ ጦር ብቻ ነበር፤ ስም የለው፣ ጥያቄ የለው፣ ቢያሸንፍም የሚያደርገውን አያውቅ። የመካከለኛውን ዘመን የሚያሳዩት የ«ክሩሴደር ኪንግስ» ጨዋታዎች ከዚህ ወጡ፤ መኳንንቱ በአንድ ጥያቄ ላይ ይማከራሉ፣ ኅብረታቸው እየበረታ ይሄዳል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሦስተኛው ክፍል የኅብረቱ ኃይል ከገዢው ኃይል 80 በመቶ ሲደርስ ጥያቄያቸውን በግልጽ ለማቅረብ ይዘጋጃሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ሒሳብ ሆኗል። የሕጉ ውበት በሁለት በኩል ነው፤ ኃይሉ የሚለካው ከገዢው ኃይል ጋር ተነጻጽሮ በመሆኑ ትንሹንም ትልቁንም መንግሥት በልኩ ይመዝናል፤ ገዢውም አንዱን መኰንን በሹመት፣ ሌላውን በጋብቻ፣ ሦስተኛውን በማስፈራራት ከኅብረቱ ሊነጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው «ቪክቶሪያ 3» ደግሞ የታላቅ ወንድሙን አበሳ አይቶ፣ የሚፈላውን ዐመፀኛ ሁሉ ትቶ አንድ ጥያቄ ያለው እንቅስቃሴ አበጀ፤ ጥያቄው ካልተመለሰ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ለሁለት ትከፈላለች። ብዙ ትንንሽ ዐመፅ ከማድረግ አንድ ታላቅ ዐመፅ ማድረግ፣ ለተጫዋቹ ድካም ይቀንሳል፣ ለጨዋታው ግን ክብደት ይጨምራል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ሲታይ

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ተጫዋችና ለእኛ አገር ነዳፊ ምን ይሆነዋል? በገርጂ፣ በጎሮና በሰሚት መንደሮች ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሒሳባቸው በጨዋታ ወይም በሰዓት ስለሆነ የሚነግሥባቸው ኳስ ነው፤ አንድ ግጥሚያ በሩብ ሰዓት ያልቃል፣ አንድ የጠፈር መንግሥት ግን ሃያና ሠላሳ ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ የስልት ጨዋታ የሚጫወት ልጅ ቤቱ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ዕድሜው በገፋ ላፕቶፕ ይጫወታል፤ መብራትም ይሄድበታል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሚዛን የሚባለው ነገር አዲስ ትርጓሜ ያገኛል።

መጀመሪያ፣ መብራት የሚፈራ ተጫዋች በየጥቂቱ «ሴቭ» ያደርጋል፤ ብዙ ሴቭ ያለው ደግሞ ዐመፅ በተነሣበት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ሎድ ለማድረግ ይፈተናል። ዐመፁ በዕጣ የሚመጣ ከሆነ ሎድ ማድረግ ያዋጣል፣ ዕጣው በሁለተኛው ጊዜ ሊስተው ይችላልና፤ ዐመፁ በተጠራቀመ በደል የሚመጣ ከሆነ ግን በዐሥር ደቂቃ ወደ ኋላ መመለስ ምንም አይጠቅምም፣ በደሉ ከዚያ በፊት ተጽፏል። ፈተናውን ለማስቀረት አንድ ሴቭ ብቻ የሚፈቅደው «አይረንማን» የሚባለው አጨዋወት መብራት በማይቋረጥበት አገር ጀግንነት ነው፤ መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር ግን ተጫዋቹን ላልሠራው ጥፋት ይቀጣዋል። ምክንያቱ የታወቀ ዐመፅ ያለዚህ ልጓም ታማኝ ተጫዋች ያፈራል።

ሁለተኛ፣ ዐመፅ በተነሣ ቍጥር በመቶ የሚቈጠሩ መርከቦች ከተፈጠሩ፣ ጨዋታው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አሮጌው ላፕቶፕ ይንቀራፈፋል፤ በድርድርና በደረጃ የሚያልቅ ዐመፅ ግን ለማሽኑም ይራራል። ሦስተኛ፣ የአገራችን የጌም ሥራ በአብዛኛው ወደ ስልክ ያዘነበለ ነው፤ ከሚያሳድዳት ሰው የምታመልጠውን ዶሮ በ«ኩኩሉ»፣ የአባቶቻችንንም ጨዋታ በ«ገበጣ» ያቀረበው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የሄደበት መንገድ ይኸው ነው። በስልክ የሚቀርብ የጠፈር መንግሥት ዐመፁን ከመነሻው እስከ ዕርቁ በአንድ መቀመጫ ሊጨርስ ይገባዋል፤ ታክሲ ተራ ቆሞ የሚጫወት ሰው የሳምንት ሤራ በልቡ ይዞ አይዞርምና።

ለሚነሣ ነዳፊ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትእዛዝ የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ነዳፊው አስቀድሞ የዐመፅ ምክንያቶችን ይጻፍ፤ ከአምስት ባይበልጡ መልካም ነው፣ ከእነርሱም ቢያንስ ሦስቱ በተጫዋቹ ውሳኔ የሚመጡ ይሁኑ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ምክንያት ሁለት መድኃኒት ያዘጋጅ፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ገንዘብ የሚከፈሉ አይሁኑ። ከዚያ አምስት ፕላኔት ያለውንና አርባ ፕላኔት ያለውን መንግሥት ጎን ለጎን አቁሞ፣ ዐመፁ የሚወስድባቸውን የገቢ ድርሻ ያስላ፤ የትንሹ ድርሻ ከትልቁ ከበለጠ ሕጉን ይገልብጥ። የዐመፀኞቹን ብዛትና የመርከባቸውን ኃይል የሚወስነው ቍጥር በመጨረሻ ይምጣ።

ሥራው በዚህ ካለቀ በኋላ ጨዋታውን ላላዩ ሰዎች ይስጣቸውና፣ በዐመፅ የተሸነፉትን ስለ ምን እንደ ተሸነፉ ይጠይቃቸው። የተሸነፉት የጨመሩትን ግብር፣ የሻሩትን ሹም፣ ሳይዋሐድ የተዉትን ግዛት በስሙ ከጠሩ፣ ዐመፁ የቱንም ያህል ቢበረታ ሚዛኑ ደርሷል፤ ዕድላቸውን ከጠሩ ግን ቍጥሩን ሳይነካ ወደ ምክንያቱ ይመለስ።